ውሃ የሌለው ሞተር፣ ውሃ የገባበት ዘይት

በኅዳር አጋማሽ አንድ ማለዳ፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ የግቢውን ሣር ነጭ አልብሶት ሳለ፣ የቮልሴን የኋላ ኮፈን ከፍቼ የዘይት መሙያውን ክዳን ስፈታ ከሥሩ የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ወፍራም ክሬም ተለጥፎ አገኘሁ። በጣቴ ሳነሳው ተለጠጠ እንጂ አልተንጠባጠበም፤ በባትሪ ወደ ውስጥ ሳይም የመሙያው አንገት ግድግዳ ዙሪያውን በዚያው ነገር ተለስኖ ነበር። መኪናዋ ሊብሬዋ እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራች ቮልስ 1300 ስትሆን፣ ዕድሜዋን በሙሉ ከቆየችበት ከናዝሬት ወደ ደብረ ብርሃን ያመጣኋት አማቴ ካረፉ በኋላ ነው። እርሳቸው ዘይቷን በየሳምንቱ የሚያዩ ሰው ስለነበሩ፣ ያን ክሬም ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ከመካኒክነት ጉዳይ ይልቅ አደራ የመብላት ያህል ሐፍረት ነበር።

በዚያው ቀን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ወጣቱ መካኒክ ክዳኑን አገላብጦ አየና፣ «ጋሼ፣ ዘይቱ ወተት ሆኗል። የቴስታታ ጋስኬት ተቃጥሎ ውሃ ገብቷል፤ ሞተሩ መውረድ አለበት» አለኝ። (ቴስታታ የሲሊንደሮቹ ክዳን ሲሆን ጋስኬቱ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ነው።) «የየት ውሃ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የራዲያተሩ» ሊል ጀምሮ ዓይኑን ወደ ሞተሩ መለሰ፣ ከዚያም ሳቀ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ በማራገቢያ በሚነፍስ አየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ነው፤ በዚህም ምክንያት ከቴስታታዋ ወደ ዘይቷ ሊሾልክ የሚችል አንድ ጠብታ ውሃ እንኳ የለም። በልጁ አልፈርድበትም። ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠግናቸው መኪኖች ሁሉ በውሃ የሚቀዘቅዙ ናቸው፤ በእነርሱም ላይ ቢሆን ፍርዱ ብዙ ጊዜ ልክ ይወጣል። ነገር ግን ያ «የየት ውሃ?» የሚለው ጥያቄ ከአፌ በድንገት ቢወጣም፣ በኋላ ሳስበው ለዚህ ችግር ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት እርሱ ሆኖ አገኘሁት።

ክሬሙ የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘይትና ውሃ ተገናኝተው አብረው ተንጠዋል። ዘይትና ውሃ በሰላም ቢቀመጡ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከታች ይዘቅጣል። በሞተር ውስጥ ግን ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር እየተሽከረከረ ሁለቱን ያላትማቸዋል፤ በዘይቱ ውስጥ ጥላሸትን አንሳፍፎ ለመያዝ የተጨመሩት ኬሚካሎችም የውሃውን ደቃቅ ጠብታዎች ስለሚይዟቸው ቶሎ አይለያዩም። ብርሃን በእነዚያ ጠብታዎች ላይ ስለሚበተን ጥቁር የነበረው ዘይት ይነጣል። ክሬሙ ውሃው ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደሆነና ሞተሩን እየገደለው ስለመሆኑ ግን ምንም አይናገርም። እነዚህን አንድ በአንድ ማጣራት የባለመኪናው ወይም የመካኒኩ ሥራ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ላቫጆውን ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ሞተሩን በከፍተኛ ግፊት ውሃ አሳጥቤ ነበር፤ የመሙያው ክዳን ጎማም በእርጅና ደርቋል። ስለዚህ ክዳኑንና አንገቱን በቤንዚን በነከርኩት ጨርቅ ጠርጌ፣ ጎማውን ቀይሬ፣ መኪናዋን ማታ ማታ ከጣራ ሥር እያሳደርኩ እንደወትሮው ለአንድ ሳምንት ነዳኋት። በሳምንቱ ክሬሙ በቦታው ነበር። ውሃው ከውጭ የመጣ ስላልሆነ መኪናዋ ራሷ እያመረተችው ነው ማለት ነው።

ይህ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር ሁሉ ውሃ ያመርታል። በቤንዚኑ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲቃጠል ውሃ ይሆናል፤ መጠኑም ቀላል አይደለም፣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣል። በማለዳ ከየመኪናው ማርሚታ የሚወጣው ነጭ ጉምና የሚንጠባጠበው ጠብታ ይኸው ነው። አብዛኛው በዚያው ሲወጣ፣ ጥቂቱ በፒስተኑና በዙሪያው ባሉት ቀለበቶች (ፋሻዎች) ዳር አልፎ ከሌላው ጭስ ጋር ወደ ታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ክፍል ይገባል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ ይህ እንፋሎት በመተንፈሻው ቱቦ በኩል ወጥቶ ይሄዳል። ካልሞቀ ግን የቀዘቀዘ ብረት ሲያገኝ፣ ምጣድ ላይ በተደፋ አክንባሎ ውስጥ እንደሚቋጠረው ላብ ጠብታ ሆኖ ወደ ዘይቱ ይመለሳል። በቮልስ ሞተር ላይ ደግሞ ከሁሉ ቀዝቃዛው ቦታ የመሙያው አንገት ነው፤ ከሞተሩ ዋና አካል ወጣ ብሎ የቆመ ቀጭን ብረት ስለሆነ እንፋሎቱ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ክሬሙ በክዳኑና በአንገቱ ላይ ወፍሮ፣ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ግን ጫፉን ብቻ በስሱ ነክቶት የታየኝም በዚህ ምክንያት ነበር።

የእኔን የዕለት ጉዞ ስመረምር ጥርጣሬዬ በረታ። ከቤቴ እስከማስተምርበት ትምህርት ቤት 2 ኪሎ ሜትር ነው። ለምሳ ስለምመለስ በቀን አራት ጊዜ፣ በድምሩ 8 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ፤ አራቱም ጊዜ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚነሣ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን ይበላልና በቀን ወደ አንድ ሊትር ባቃጥል፣ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃም በሞተሩ ውስጥ አልፏል ማለት ነው፤ በኮፓው (ከሞተሩ ግርጌ ባለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ያለው ዘይት ግን በጠቅላላው 2.5 ሊትር ብቻ ነው። በዚህ ላይ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ስለሚያንስ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) እዚህ ሲመጣ ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ያልተቃጠለውም ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርዳል። ቤንዚን በራሱ ክሬም አይሠራም፤ ዘይቱን ግን ያቀጥነዋል፣ ልኩንም ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ መለኪያውን ባወጣሁ ቁጥር ማሽተት ልማዴ ሆኗል፤ ሚስቴ ይህን ስታይ የምትለውን እዚህ አልጽፍም።

ግምቴን በሦስት መንገድ ፈተንኩት። የመጀመሪያው የማንኛውም ጥንታዊ መኪና ባለቤት ያለ ምንም መሣሪያ ሊያደርገው የሚችል ነው። መኪናዋ ሌሊቱን ሙሉ ሳትነሣ ካደረች በኋላ፣ ማለዳ ሞተሩን ሳላስነሣ ከሥሩ ገብቼ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ቀስ እያልኩ አላላሁና መጀመሪያ የሚወጣውን በጠራ ብርጭቆ ተቀበልኩ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ፣ ነጻ ውሃ በኮፓው ካለ ከዘይቱ ቀድሞ መውጣት አለበት። የወጣልኝ ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ብቻ ሲሆን ከዚያ በኋላ ጥቁር ዘይት ተከተለ። ሁለተኛው የቆርቆሮ ክዳን በከሰል ላይ አግሎ የዘይት ጠብታ መጣል ነው። ከመለኪያው የወሰድኩት ዘይት ጥቂት ጠጥ ጠጥ አለና ዝም አለ፤ ከክዳኑ የወሰድኩት ክሬም ግን እንደ ሱፍ ቆሎ ተንጣጣ። (ይህን የሚሞክር ሰው ፊቱን ያርቅ፣ ከቤት ውጭም ያድርገው።) ሁለቱ ፈተናዎች በአንድ ቃል የሚሉት ውሃው ጥቂት እንደሆነና በአብዛኛው ላይ ላዩን እንደተቀመጠ ነው።

ሦስተኛው ፈተና መንገዱ ነበር። በሰሜን ሸዋ የምንኖር ሰዎች የሞተር ዘይትን ለማፍላት ከጣርማ በር ዳገት የተሻለ ምድጃ አያስፈልገንም። አንድ ቅዳሜ ክዳኑንና አንገቱን አጽድቼ በጣርማ በር ዋሻ በኩል ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም እስከ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ቁልቁለቱን በማርሽ ይዤ ስለወረድኩ ሞተሩ ብዙም አልሠራም። ደብረ ሲና ላይ ክዳኑን ስከፍት አዲስ ስስ ክሬም ጀምሮት ነበር። ከሸዋ ሮቢት ወደ ላይ የነበረው ጉዞ ግን ሌላ ነው። ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚገኘው ጣርማ በር መውጣት ለ40 የፈረስ ጉልበት ሞተር የሁለተኛና የሦስተኛ ማርሽ ሥራ ነው፤ በየመታጠፊያው የጭነት መኪና ኋላ መጎተቱም አልቀረልኝም። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን የቦረቦሩትን ዋሻ አልፌ፣ ዳር ይዤ ቆሜ ሞተሩን አጠፋሁና ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ፈታሁት። ከአንገቱ ውስጥ ነጭ እንፋሎት እንደ ጀበና ጭስ ተነሣ፤ ክሬሙ ሟሟ፣ በቦታው የጠራ ጠብታ ብቻ ቀረ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ የጋለ ዘይት ውሃውን ለማባረር ከቆላው ይልቅ እዚህ ይቀለዋል። በማግስቱ ማለዳ መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ጥቁር ቢሆንም የጠራ ነበር። ከቴስታታ የሚሾልክ ውሃ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሁሉ ዳገትና ግፊት ነገሩን ያባብሰው ነበር እንጂ አያድነውም።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእኔ አጭር ጉዞ ብቻ መስሎኝ ነበር። ዘይቱን ለመቀየርና የታችኛውን ወንፊት ለማጠብ (ይህ ሞተር ወረቀት ፊልትሮ የለውም፣ ያለው የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው) ከሥሯ ስገባ ግን፣ በቀኝ በኩል በሁለቱ ሲሊንደሮች ሥር ቴርሞስታቱ መታሰር ያለበት ቦታ ባዶውን አገኘሁት። መያዣው ብረት አለ፤ ቴርሞስታቱ የለም። ቴርሞስታት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የውሃ መንገድ የሚዘጋውንና የሚከፍተውን ነው። የቮልስ ግን እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የነሐስ ሣጥን ሲሆን፣ ሲቀዘቅዝ ተሰብስቦ በዘንግ አማካይነት የማራገቢያውን የአየር በሮች ይዘጋል፣ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ተዘርግቶ ይከፍታቸዋል። የሠሩት ሰዎች ብልሃት የሚታየው ሣጥኑ ቢቀደድ እንኳ ተዘርግቶ ስለሚቀር በሮቹ ክፍት ሆነው ሞተሩ እንዳይቃጠል መደረጉ ላይ ነው። ቴርሞስታቱ ፈጽሞ ሲወልቅም ውጤቱ ያው ነው፤ በሮቹ ሁልጊዜ ክፍት፣ ሞተሩም ሁልጊዜ ብርድ ላይ።

ማን እንዳወለቀው አላውቅም፤ ለምን እንደወለቀ ግን መገመት አይከብድም። «ይህ የፈረንጅ አገር ብርድ ዕቃ ነው፣ እኛ ዘንድ አያስፈልግም» የሚለውን አነጋገር በየጋራዡ ሰምቼዋለሁ። በናዝሬት ሙቀት፣ ረዘም ያለ መንገድ ለሚሄድ መኪና፣ አማቴም ምንም ሳይጎዱ ብዙ ዓመት ነድተዋታል። ያው መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ወጥቶ በቀን አራት ጊዜ ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር ሲሄድ ግን፣ ውሃ ከማሞቅ በቀር ምንም እንደማያፈላ ሰነፍ ምድጃ ይሆናል። ኢትዮጵያን አንድ የአየር ንብረት እንዳላት አገር ቆጥሮ ዕቃ ማውለቅ እዚህ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በተለይ አያዋጣም፤ ከደጋው ውርጭ እስከ ሸዋ ሮቢት ሐሩር 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ምትኩን መርካቶ ሶማሌ ተራ ከሁለት ቀን ፍለጋ በኋላ ከተፈታ ሞተር ላይ የወለቀ አገኘሁ። ከመግጠሜ በፊት ቤት ውስጥ በድስት ውሃ ነክሬ ቀስ እያልኩ አሞቅሁት፤ ውሃው ሊፈላ ሲቃረብ ሣጥኑ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ነበር፣ በቀዝቃዛ ውሃ ሲነከርም ተሰበሰበ። (ድስቱ ከዚያ ወዲህ የእኔ ሆኗል።) መግጠሙ ግን ያሰብኩትን ያህል ቀላል አልነበረም፤ የአየር በሮቹ ለዓመታት ሳይንቀሳቀሱ ስለቆዩ ዝገው ነበር፣ አንደኛው ደግሞ ክፍት እንዲቀር በሽቦ ታስሮ አገኘሁት። ሽቦውን ቆርጬ፣ ማጠፊያዎቹን በዘይት አለስልሼ፣ በእጅ ሲነኩ ያለ ግጭት እስኪከፈቱና እስኪዘጉ ድረስ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ይህን ሳያረጋግጡ ቴርሞስታት መግጠም አደገኛ ነው፤ በሮቹ ተዘግተው ቢቀሩ ሞተሩ ያለ አየር ይነድዳል።

አሁን ወደማያኮራኝ ክፍል ልምጣ። በጥር ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ የፔጆ 404 መኪናውን የዘይት ክዳን ከፍቶ ተመሳሳይ ክሬም አሳየኝ። እኔ በግኝቴ ሰክሬ ስለነበር ሳልመረምር «የብርድ ነው፣ አንድ ቀን ወደ ጣርማ በር ውጣባትና ይጠፋል» አልኩት። «የየት ውሃ?» የሚለውን የራሴን ጥያቄ በእርሱ መኪና ላይ አልጠየቅሁም። ፔጆ 404 በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው፤ ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ብረት ስለሆነ በሙቀት ሲዘረጉ እኩል አይሄዱም፣ ይህም በመካከላቸው ያለውን ጋስኬት ያደክመዋል። ከዚህም በላይ ሲሊንደሮቹ ተነቅለው የሚወጡ ቱቦዎች ሆነው ውጫዊ ግድግዳቸው በቀጥታ በውሃ የተከበበ ነው፤ ከግርጌያቸው ያለው ማሸጊያ ካረጀ ውሃው ቴስታታውን ሳይነካ ወደ ኮፓው ይወርዳል። ያ መኪና ውሃ የሚገባበት ሁለት ሰፊ በር እያለው እኔ ስለ ብርድ አወራሁለት።

ባልደረባዬ ቃሌን አምኖ ሁለት ሳምንት ነዳው። ምልክቶቹ ሁሉ ግን ከመጀመሪያውም ነበሩ። ራዲያተሩን በየሦስት ቀኑ ይሞላ ነበር፤ እኔ ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር፣ አልጠየቅሁትም። የእኔ ክሬም አንገቱ ላይ ብቻ ሲሆን የእርሱ እስከ መለኪያው ዘንግ ዘልቆ ነበር፣ የዘይቱም ልክ ዘይት ሳይጨመር ከላይኛው ምልክት አልፏል። ነጭ ጭሱ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አልቆመም። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከፍተን ስናስነሣው ደግሞ የታመቀ ጋዝ ውሃውን እያንተከተከ አረፋ አወጣው፤ አራቱን ካንዴላዎች ስንፈታም ሦስቱ ጥቁር ሆነው አንዱ በእንፋሎት እንደታጠበ ነጭ ነበር። በመጨረሻም የማፍሰሻውን ቡሎን ማለዳ ሲያላሉት ከኮፓው የፈሰሰው ጠብታ አልነበረም፣ አንድ ብርጭቆ የሚሞላ ውሃ ቀድሞ ወጣ። ጋስኬቱ በአንዱ ሲሊንደር ዳር ተበልቶ ነበር። ጋስኬቱን መቀየር ብቻ ቢሆን ኖሮ ወጪው የሚቻል ነበር፤ ነገር ግን ውሃ የተቀላቀለበት ዘይት ብረትን ከብረት አራርቆ መያዝ ስለማይችል ብሮንዚናዎቹ (ክራንክሻፍቱ የሚያርፍባቸው የብረት ንጣፎች) ተፍቀው ተገኙ። የእነርሱን ዋጋ ግማሹን እኔ ልክፈል ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ፤ ከዚያ ይልቅ ብሮንዚናው ተቀይሮ ሞተሩ የተነሣ ዕለት የራዲያተሩን ክዳን በእጄ አስይዞ «በል አሁን የየት ውሃ ነው?» ሲለኝ የመካኒኮቹ ሳቅ ጋራዡን ሞላው።

ቮልሷ በአሁኑ ጊዜ በሰባት በስምንት ደቂቃ ውስጥ ትሞቃለች፣ ቀደም ሲል ግን ቤት እስክደርስም አትሞቅም ነበር። ለምሳ በእግሬ እመላለሳለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ከከተማ አወጣታለሁ። ዘይቷን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር የተለመደ ቢሆንም እኔ በብርዱ ወራት በግማሹ እቀይረዋለሁ፤ 2.5 ሊትር ዘይት ከብሮንዚና ይረክሳልና። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳዎች ክዳኑ ላይ የጥፍር ውፍረት እንኳ የማይሞላ ክሬም አሁንም አያለሁ፤ ጠርጌው እዘጋለሁ። የቀረኝ አንድ ዕቃ ነው። ከመሙያው አንገት ሥር ወደ መሬት የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ጫፉ ላይ እንደ ከንፈር የሚገጠም ጎማ ነበረው፣ ሥራውም አንገቱ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ ውጭ አፍስሶ አቧራ እንዳይገባ መክደን ነው። የእኔ ጎማ ጠፍቶ ቱቦው በጭቃ ተደፍኖ ስለነበር በሽቦ ከፍቼዋለሁ፤ ጎማውን ግን ሶማሌ ተራም ሆነ በጠየቅኋቸው የቮልስ ባለቤቶች ዘንድ እስካሁን አላገኘሁም።